ከብትን በመኪና ወደ ሩቅ የጨረታ ገበያ የማድረስ አሠራር

ከብት ጭኖ ወደ ሩቅ የጨረታ ገበያ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ መንገዱን የሚለካው በኪሎ ሜትር ነው። ለነዳጅ ሒሳብ ይህ ትክክለኛ መለኪያ ነው። ለከብቱ ግን ርቀት ማለት በቤቱ በረት ከጠጣው የመጨረሻ ውኃ አንሥቶ በገበያው በረት እስከሚያገኘው ውኃ ድረስ ያለው ሰዓት ነው። በዚህ ሰዓት ውስጥ መኪናው የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ከብቱ ከመጫኑ በፊት በጠባብ ጉረኖ ተሰብስቦ የሚቆምበት፣ ሾፌሩ ምግብ የሚበላበት፣ በኬላ ላይ ሰነድ የሚታይበት፣ በገበያው በር ላይ ለማራገፍ ተራ የሚጠበቅበት ጊዜ ሁሉ ይቆጠራል። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር በሙሉ ይህን ሰዓት ለማሳጠር፣ ማሳጠር በማይቻልበት ቦታም ከብቱ በሰዓቱ ውስጥ የሚደርስበትን ጉዳት ለመቀነስ የተዘጋጀ ነው።

በመንገድ ላይ የሚጠፋው ምንድን ነው?

ከብት በጉዞ ላይ ክብደት የሚቀንሰው በሁለት መልክ ነው። መጀመሪያ የሚሄደው በሆዱ የያዘው መኖና ውኃ ሲሆን፣ ይህ በእበትና በሽንት ይወጣና ከብቱ ጥሩ መኖና ውኃ ሲያገኝ በአጭር ጊዜ ይመለሳል። ጉዞው ሲረዝም ግን ከሥጋው ውስጥ ያለው ፈሳሽ መሟጠጥ ይጀምራል፤ ይህኛው በአንድ ሌሊት ዕረፍት የሚተካ አይደለም፤ ብዙ ቀናት ይፈልጋል። ቅናሹ ፈጥኖ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። በሚንቀሳቀስ መኪና ላይ 8 ሰዓት የቆዩ ለማድለብ የሚሸጡ ከብቶች ከክብደታቸው 5.5 በመቶ ገደማ፣ 24 ሰዓት የቆዩት ደግሞ 9 በመቶ ገደማ እንደሚያጡ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ መለኪያ ነው፤ በሙቀት ወይም በረብሻ የተጫኑት ከዚህም በላይ ያጣሉ። እያንዳንዳቸው 400 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 20 ወይፈኖች ለጫነ ሰው 5.5 በመቶ ማለት 440 ኪሎ ግራም ነው፤ ይኸውም ከአንድ ሙሉ ወይፈን ይበልጣል። ጨረታው በክብደት ባይሆንና በቁም ግምት ቢሆን እንኳ ገዥው የጎደጎደ ሽንጥና የደነዘዘ ዓይን አይቶ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል።

አንደኛ ደረጃ፦ ከጉዞው 3 ወይም 4 ሳምንት አስቀድሞ

ከሁሉ በፊት ስለ ገበያው አሠራር በስልክም ሆነ በአካል ጠይቁ። ሽያጩ በየትኛው ቀን እንደሚጀምር፣ የእናንተ ዓይነት ከብት በመጀመሪያ ይውጣ በመጨረሻ፣ ከብት ከዋዜማው ጀምሮ መቀበል ይቻል እንደሆነ፣ በበረቱ ውኃ፣ ጥላና ድርቆሽ መኖሩን፣ ሚዛኑ እንደ ደረሰ ወይስ ወደ ጨረታው መድረክ ሊገባ ሲል እንደሚታይ እወቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የመድረሻ ሰዓታችሁን የሚወስነው እሱ ነው። ሚዛኑ ከመድረኩ በር ላይ ከሆነ ከብቱ ሌሊቱን በልቶና ጠጥቶ ያደረበት ክብደት ይመዘገብላችኋል፤ እንደ ደረሰ የሚመዘን ከሆነ ግን የማደሩ ጥቅም ለክብደቱ ሳይሆን ለመልኩ ብቻ ይሆናል። አሻሻጩ የሚወስደውን ክፍያ፣ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ ማስያዝ ይቻል እንደሆነና ያልተሸጠ ከብት በበረቱ እስከ መቼ እንደሚቆይም በዚያው ጠይቁ።

ቀጥሎ የሚጓዙትን ምረጡ። የሚያነክስ፣ ዓይኑ የታመመ፣ ያልዳነ ቁስል ያለበት ወይም በራሱ እግር መወጣጫውን ሊወጣ የማይችል ከብት በምንም ምክንያት አይጫን። በቤት ውስጥ ጥቂት የሚያነክስ ከብት በሚወዛወዝ ወለል ላይ ለሰዓታት ሲቆም ወድቆ የማይነሣ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት የእንስሳት ማጓጓዣ ደንብ የእርግዝናዋን ጊዜ 90 በመቶ ያለፈችን ወይም ከወለደች አንድ ሳምንት ያልሞላትን ላም፣ እንዲሁም እትብቱ ያልደረቀ ጥጃን ለጉዞ ብቁ አይደሉም ይላቸዋል፤ ደንቡ በማይሠራበት አገር የምትኖሩም ብትሆኑ ይህን መስፈርት ብትከተሉ አትጎዱበትም።

ጥጃ የሚሸጥ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በአንድ ቀን ጡት አስጥሎ፣ በዚያው ቀን ጭኖ፣ ከማያውቃቸው ጥጆች ጋር በገበያ በረት ማጎር ሦስት ጭንቀት በአንድ ጊዜ መጫን ነው። በከብት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖሩ እንደ ማንሄሚያ ሄሞሊቲካ ያሉ ባክቴሪያዎች የመከላከል አቅሙ ሲደክም ወደ ሳንባው ይወርዳሉ፤ የጉዞ ትኩሳት እየተባለ የሚጠራው የሳንባ በሽታም የሚነሣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። ስለዚህ ጥጃው ጡት ከጣለ ቢያንስ 45 ቀን ሆኖት፣ ከገንዳ መብላትና መጠጣት ለምዶ ቢጓዝ እጅግ ይሻላል። ክትባቱም ከጉዞው 2 ወይም 3 ሳምንት አስቀድሞ ይሰጥ፤ በመጫኛው ቀን የተወጋ ክትባት በመንገድ ላይ አይከላከልም። ቀንድ መቁረጥና ማኮላሸትም እንዲሁ ቁስሉ እስኪድን በሚያደርስ ጊዜ ይፈጸም።

የእንስሳት ሐኪም ከብቱን አይቶ የጤና ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ፣ የባለቤትነትና የመሸኛ ሰነዱም እንዲሟላ አድርጉ። በቅርቡ መድኃኒት የተሰጠው ከብት ካለ የመድኃኒቱ ስም፣ የተሰጠበት ቀንና ለእርድ የሚፈቀድበት ቀን በጽሑፍ ይያዝ፤ ገዥው በቀጥታ ለቄራ ሊወስደው ይችላልና። የጆሮ ምልክቱን ቁጥር ከሰነዱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። አንድ የተሳሳተ አኃዝ ሙሉውን ጭነት በኬላ ላይ በፀሐይ ሊያቆም ይችላል፤ ያ ደግሞ ከላይ ከተናገርነው ሰዓት ላይ የሚደመር ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ መኪናውንና የጭነቱን ልክ ማዘጋጀት

የመኪናው ወለል ከብት የማያንሸራትት መሆን አለበት። ለስላሳ ብረት ወለል ላይ በየመካከሉ አግድም የተበየደ ብረት ወይም ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ይነጠፍ፤ በላዩ ላይ አሸዋ፣ ሰጋቱራ ወይም ገለባ ይደረግ። ለረጅም ጉዞ ገለባና ሰጋቱራ ይመረጣሉ፤ ሽንት ይመጥጣሉና። ከዚያ በኋላ በመኪናው ውስጥ በእግራችሁ ገብታችሁ የጎኑን ግድግዳ በከብት ሆድና ትከሻ ከፍታ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ዙሩ። የወጣ ምስማር፣ የተሰበረ እንጨት፣ የተገነጠለ ቆርቆሮ፣ ሰኮና የሚገባበት ክፍተት የሚገኘው በዓይን ሳይሆን በዚህ ዳሰሳ ነው። ጣሪያ ካለው፣ ረጅሙ ከብት ራሱን ቀና አድርጎ ሲቆም ከሻኛው በላይ አየር የሚዘዋወርበት በቂ ቦታ ይቅር። ጣሪያ ከሌለው ደግሞ በመንገዱ ላይ ዝቅ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍና ሽቦ መኖሩን አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

የሚጫነው ቁጥር የሚወሰነው ባለመኪናው "ይገባሉ" ባለው ልክ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለመንገድ ጉዞ ያስቀመጠው ስፋት 325 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ከብት ከ0.95 እስከ 1.30 ካሬ ሜትር፣ 550 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ከ1.30 እስከ 1.60 ካሬ ሜትር ነው። ወለሉ 7.2 ሜትር በ2.3 ሜትር የሆነ መኪና 16.56 ካሬ ሜትር ይኖረዋል። በዚህ ሒሳብ ባለ 325 ኪሎ ግራም ከብት ከ12 እስከ 17፣ ባለ 550 ኪሎ ግራም ሰንጋ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ይይዛል። መኪናው የሚሸከመው ክብደት ከዚህ ጋር መታየት አለበት፤ 12 ሰንጋዎች ብቻ 6,600 ኪሎ ግራም ናቸውና።

በዚህ ክልል ውስጥ የቱን እንምረጥ? ብዙ ነጋዴዎች "ሲጣበቁ ይደጋገፋሉ፤ አይወድቁም" ብለው እስከ ጫፉ ይሞላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ተጣብቆ የተጫነ ከብት እግሩን አስተካክሎ ሚዛኑን መጠበቅ አይችልም፤ አንዱ ከወደቀ ደግሞ ሌሎቹ በላዩ ይዘጉበትና መነሻ ያጣል። በጣም ሰፊ ቦታ የተሰጠው ከብትም በእያንዳንዱ ፍሬን ከዳር ዳር ይወረወራል። ስለዚህ ለአጭር ጉዞ መካከለኛውን፣ ሙቀት በሚበዛበትና ከ8 ሰዓት በላይ በሚዘልቅ ጉዞ ሰፋ ያለውን መምረጥና ቦታውን በማካፈያ መከፋፈል ይሻላል። በማካፈያው ቀንዳሞችን ከቀንድ አልባዎች፣ ኮርማን ከሌሎች፣ ጥጆችን ከትላልቆች ለዩ። በድራት ላይ ያለች፣ ማለትም ኮርማ የምትፈልግ ጊደር ካለች ለብቻዋ ትሁን፤ አለበለዚያ ሌሎቹ በላይዋ ሲወጡ ጭነቱን ሁሉ ያውካሉ። በቤት አብረው የኖሩትን ግን አትነጣጥሉ፤ የሚተዋወቁ ከብቶች አይዋጉም።

ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ የእጅ ባትሪ፣ ስለታም ቢላዋ፣ ትርፍ ገመድ፣ ባልዲና ቢያንስ ጥቂት ጄሪካን ውኃ በመኪናው ላይ ይኑር። ቢላዋው በገመድ የታነቀ ከብት ሲያጋጥም የሚያድን ስለሆነ በመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ሳይሆን በረዳቱ ኪስ ይቀመጥ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የመጨረሻዎቹ 2 ቀናት

ለምለም ሣር ሲግጥ የቆየ ከብት እበቱ ውኃ ይሆናል፤ ወለሉን አሟላጭ ያደርገዋል፤ ገበያ ሲደርስም ጎኑ ሁሉ ተለቅልቆ ይታያል። ስለዚህ ከጉዞው 2 ቀን አስቀድማችሁ ወደ ድርቆሽ መልሱት። ድርቆሽ በሆድ ውስጥ ቶሎ አይወጣም፤ ውኃም ይዞ ይቆያል። ውኃ እስከ መጫኛው ሰዓት ድረስ ከፊቱ አይለይ። "ባዶ ሆዱን ይሂድ፤ መኪናውን አያቆሽሽም" የሚለው ልማድ ለመኪናው የሚጨነቅ እንጂ ለከብቱ የሚያስብ አይደለም፤ ከብቱ ጉዞውን የሚጀምረው ክብደቱን ካጣ በኋላ ይሆናልና።

ብዙ ውኃ እንዲጠጡ ብለው ከጨረታው በፊት ጨው በብዛት የሚያበሉም አሉ። በዚህ መንገድ ሆዱ የተነፋን ከብት ልምድ ያለው ገዥ በአንድ እይታ ይለየዋል፤ ሻጩም በገበያው ያለውን እምነት ያጣል። ከሁሉም በላይ ግን በጉዞ ውኃ ለሚጠማ እንስሳ ጨው ማብዛት በጥማቱ ላይ ጥማት መጨመር ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ መጫን

ከብቱ በመንገድ ላይ የሚሆነውን ሁኔታ የሚወስነው በአብዛኛው መጫኛው ነው። እየተደበደበና እየተጮኸበት የወጣ ከብት ልቡ እየመታ፣ አረፋ እየደፈቀ ጉዞ ይጀምራል፤ እስኪረጋጋም ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

በቀዝቃዛው ሰዓት፣ ጎህ ሳይቀድ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ጫኑ። የመወጣጫው ተዳፋት በቀለለ መጠን መልካም ነው። የአውሮፓው ደንብ ለጥጆች ከ20 ዲግሪ፣ ለትላልቅ ከብቶች ከ26.6 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ ከ10 ዲግሪ ካለፈም እግር የሚያርፍበት አግድም እንጨት እንዲኖረው ያዝዛል። መወጣጫ ከሌለ መኪናውን ወደ አፈር ቁልል ወይም ወደ ዳገት አስጠግቶ ወለሉን ከመሬቱ ጋር ማስተካከል ይቻላል። በመወጣጫውና በመኪናው መካከል ክፍተት አይኑር፤ ሰኮና የገባበት ክፍተት አንድ እግር ይሰብራል፤ የተቀሩትንም ያስደነግጣል።

ከብት ዙሪያውን ከ300 ዲግሪ በላይ ያያል፤ የማያየው ከጀርባው በቀጥታ ያለውን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሰው ሲቀርበው መሸሽ የሚጀምርበት የማይታይ ክበብም አለው፤ ይህም የሽሽት ክልል ይባላል። ከብቱን የሚያንቀሳቅሰው ጩኸትና ዱላ ሳይሆን በዚህ ክበብ ጠርዝ ላይ የምትቆሙበት ቦታ ነው። ከትከሻው ኋላ ሆናችሁ አንድ እርምጃ ብትገቡ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከትከሻው ፊት ብትገቡ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ስትሉ ደግሞ ይቆማል። በቀጥታ ከጀርባው መቆም ግን ያስደነግጠዋል፤ ለመርገጥም ያነሣሣዋል። አምስት አምስት፣ ስድስት ስድስት አድርጋችሁ በትናንሽ ቡድን አምጡ፤ የፊተኛው መውጣት ሲጀምር የኋለኞቹን አትግፉ፤ ራሳቸው ይከተሉታል። ዱላው ጫፉ ላይ ጨርቅ የታሰረበት ሆኖ ለማመላከቻ ብቻ ያገልግል። የኤሌክትሪክ ዱላን፣ ጅራት መጠምዘዝንና በቀንድ መጎተትን ፈጽሞ ተዉ።

አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ቴምፕል ግራንዲን ለብዙ ዓመታት ስታሳይ እንደኖረችው፣ ከብት እንቢ የሚለው በእልኸኝነት ሳይሆን እኛ የማናስተውለውን ነገር አይቶ ነው። አንድ ጊዜ 11 ወይፈኖች ስንጭን መሪው መወጣጫው ላይ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። አንገቱን እስከ እንጨቱ ድረስ ዝቅ አደረገ፤ በአፍንጫው ፍርር ብሎ ተነፈሰና ወደ ኋላ አፈገፈገ። አራት ሰዎች ሆነን ብንገፋው ጀርባውን አጎበጠ እንጂ አልተነቃነቀም። ከመካከላችን አንዱ ቁጢጥ ብሎ ወይፈኑ ባየበት ከፍታ ሲመለከት፣ በጎኑ ርብራብ መካከል የገባ የጠዋት ፀሐይ በመወጣጫው ላይ ነጭ መስመር ሠርቶ አየ። በመስመሩ ላይ አንድ እቅፍ ገለባ በተንን። ወይፈኑ ገለባውን አሽትቶ ወጣ፤ አሥሩም ተከተሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመጫኔ በፊት ራሴ ዝቅ ብዬ መወጣጫውን እሄድበታለሁ። የሚወዛወዝ ሰንሰለት፣ በአጥር ላይ የተንጠለጠለ ልብስ፣ የሚያብረቀርቅ ኩሬ፣ በኋላ በር የቆመ ሰው፣ ጨለማ የሆነ የመኪና ውስጥ፤ እነዚህን ሁሉ አስቀድማችሁ አስወግዱ። በሌሊት ስትጭኑ ብርሃኑ በመኪናው ውስጥ ይሁን፤ በከብቱ ዓይን ላይ ግን አይብራ።

ማሰር የሚያስፈልገው ከብት ካለ በቀንዱ፣ በአፍንጫ ቀለበቱ ወይም በእግሩ አይታሰር። በራሱ ዙሪያ በሚደረግ ማሰሪያ፣ ለመተኛትና ለመጠጣት በሚያስችል ርዝመት፣ በአንድ ሥበት በሚፈታ ቋጠሮ ይታሰር። የታሰረና ያልታሰረ ከብት በአንድ ክፍል አይቀላቀል።

አምስተኛ ደረጃ፦ መንዳት

የኋላው በር ከተዘጋ በኋላ ሰነድ ለመፈለግ፣ ሒሳብ ለመተሳሰብ ወይም ለመሰናበት መቆም አይገባም፤ ይህ ሁሉ ከመጫኑ በፊት ይለቅ። የቆመ መኪና ውስጥ አየር አይንቀሳቀስም፤ የታጨቁት ከብቶች ሰውነት የሚያወጣው ሙቀትና እርጥበትም በደቂቃዎች ውስጥ ይከማቻል። የሚጓዝ መኪና ግን በራሱ ነፋስ ያቀዘቅዛቸዋል። በመንገድ ላይ የግድ መቆም ካለባችሁ በጥላ ሥር፣ የመኪናው ጎን ወደ ነፋሱ ዞሮ ይቁም፤ ቆይታውም አጭር ይሁን። በሞቃት ወቅት ረጅሙን የመንገዱን ክፍል በሌሊት ጨርሱት። በብርድና በዝናብ ደግሞ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ነፋስ በሸራ ከልሉ፤ የጎንና የኋላ አየር መውጫው ግን ክፍት ይሁን።

በመኪና ላይ የቆመ ከብት ወደ መንገዱ አቅጣጫ ወይም አግድም ሆኖ ሚዛኑን ይጠብቃል። ከብት የሚወድቀው በአብዛኛው በድንገተኛ ፍሬንና በመታጠፊያ ላይ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ከፊቱ ካለው መኪና ሰፊ ርቀት ጠብቆ፣ ፍሬን ከመያዙ በፊት በማርሽ እያቀዘቀዘ፣ ወደ መታጠፊያው ሳይገባ ፍጥነቱን ቀንሶ ሊነዳ ይገባል። በወለሉ ላይ ውኃ የሞላ ባልዲ እንዳስቀመጠና ውኃው እንዳይፈስ እንደሚነዳ ሰው ቢያስብ ልኩን ያገኘዋል። አሸዋ ወይም ሲሚንቶ መጫን የለመደ ጎበዝ ሾፌር ሁሉ ለከብት ጥሩ ሾፌር አይሆንም፤ የሚንቀሳቀስ ጭነት መኪናውን በመታጠፊያ ላይ ይገፋዋልና።

ጉዞ ከተጀመረ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያው ፍተሻ ይደረግ። በዚህ ጊዜ ከብቶቹ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ያልተስማማ ነገር ካለም ይታያል። ከዚያ በኋላ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ በአጭሩ ተመልከቱ። አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ዘርግቶ የሚያለከልክ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ ከብት ሙቀት እየጎዳው ነው፤ ቶሎ ተንቀሳቅሳችሁ ነፋስ እንዲያገኝ ማድረግ ወይም ጥላና ውኃ ወዳለበት መድረስ ያስፈልጋል። አፍንጫው ረጥቦ፣ ጆሮውን ወደ ድምፃችሁ አዙሮ የሚያመሰኳ ከብት ካያችሁ ግን ጫኚውም ሾፌሩም ሥራቸውን በሚገባ እንደሠሩ ማወቅ ይቻላል።

የተኛ ከብት ሁሉ የወደቀ አይደለም። እግሮቹን ከሥሩ አጥፎ፣ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ሌሎቹ ሳይረግጡት የተኛ ከብት ዐርፏል፤ በረጅም ጉዞ መጨረሻ ይህ ይታያል። በጎኑ ተዘርሮ እግሮቹ የተዘረጉ፣ ሌሎቹም በላዩ የቆሙ ከሆነ ግን ወድቋል። እንዲህ ሲሆን መኪናውን በተስተካከለ ቦታ አቁማችሁ፣ አጠገቡ ያሉትን ወደ ኋላ መልሳችሁ በማካፈያ ያዟቸው፤ በእግሮቹ ሥር ገለባ ወይም አሸዋ ጨምሩለት፤ ጊዜም ስጡት። ብዙ ከብት ቦታ ካገኘ በራሱ ይነሣል። በጅራቱ ማንሣት፣ በሰንሰለት መጎተት ወይም ፊቱ ላይ ውኃ መድፋት የዳነውን ይሰብረዋል። ካልተነሣ ለይታችሁ እንዳይረገጥ ጠብቁትና በአቅራቢያ የሚገኝ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ሰው በማካፈያ ባልተለዩ ከብቶች መካከል በፍጹም አይግባ፤ በጠባብ ቦታ አንድ ሰንጋ ዞር ሲል የሰው ጎድን ይሰብራል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ጉዞው ከአንድ ቀን ሲያልፍ

አገሮች የፈቀዱት የጉዞ ርዝመት በጣም ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ትላልቅ ከብቶች 14 ሰዓት ተጉዘው ቢያንስ ለ1 ሰዓት ዐርፈውና ጠጥተው ሌላ 14 ሰዓት ሊጓዙ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ተራግፈው፣ በልተውና ጠጥተው 24 ሰዓት ማረፍ አለባቸው። ጡት ላልጣሉ ጥጆች ጊዜው ወደ 9 ሰዓት ይቀንሳል። መነሻው እ.ኤ.አ. የ1873 የሆነው የአሜሪካ ሕግ በ28 ሰዓት ይወስነውና ከዚያ በኋላ ተራግፈው ቢያንስ ለ5 ተከታታይ ሰዓታት እንዲያርፉ ያዝዛል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለትላልቅ ከብቶች ያለ መኖ፣ ያለ ውኃና ያለ ዕረፍት የሚቆዩበትን ጊዜ በ36 ሰዓት ገድባለች። እነዚህ ቁጥሮች ሕግ ተላላፊ የሚያሰኙ የመጨረሻ ወሰኖች ስለሆኑ ዕቅድ የሚወጣባቸው አይደሉም። በእኔ አስተያየት ከ12 ሰዓት በላይ የሚወስድ ጉዞ ውኃ በሚገኝበት ማረፊያ መከፈል አለበት፤ በሙቀት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ማረፊያው አጥር፣ ውኃ፣ ጥላና ማራገፊያ ያለው፣ በሽታ ያልነበረበት መሆኑን ከመነሣታችሁ በፊት አረጋግጡ። ለጥቂት ደቂቃ ዕረፍት ብሎ ማራገፍና መልሶ መጫን ግን ከጥቅሙ ድካሙ ይበልጣል፤ ካራገፋችሁ በልተው፣ ጠጥተውና ተኝተው እንዲነሡ በቂ ሰዓት ስጧቸው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ በገበያው በረት

የተሻለው አደራረስ ከጨረታው በዋዜማው ነው። ከብቱ ከመኪናው በራሱ ፍጥነት ይውረድ፤ የኋላ በር እንደ ተከፈተ መጮህ ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ ያስፈተልካቸውና ዳሌያቸውን ከበሩ ጉበን ጋር ያጋጫል። ሲወርዱ ቁጥራቸውንና አረማመዳቸውን አንድ በአንድ እዩ። የተጎዳ ካለ ያን ጊዜውኑ ለገበያው ኃላፊ አሳዩ፤ ነገ የሚነሣ ክርክር ዛሬ ይዘጋል።

በበረቱ ውስጥ ድርቆሽና ውኃ አብረው ይቅረቡ። የውኃ ገንዳው አጭር ከሆነ ኃይለኞቹ ደካሞቹን እንዳያባርሩ በተለያየ ቦታ ባልዲዎችን ጨምሩ፤ አንድ ትልቅ ከብት በሞቃት ቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈልገው ግን መጠጣታቸውን በዓይን ማየት ነው። በአንድ ገበያ ከብቶቼን በረት አስገብቼ ውኃው መኖሩን ብቻ አይቼ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ሁሉም ከአጥሩ ጥግ ቆመው ነበር፤ አፍንጫቸውም ደርቋል። የበረቱ ማጠጫ ከብቱ በአፍንጫው ሲገፋው ብቻ ውኃ የሚለቅ ትንሽ ሳሕን ነበር፤ የእኔ ከብቶች ደግሞ ከወንዝና ከገንዳ በቀር ሌላ አያውቁም። መግፊያውን በእንጨት ቁራጭ አስረን ውኃው ሞልቶ እንዲንጠባጠብ አደረግን። ድምፁን የሰማው የመጀመሪያው ወይፈን መጥቶ አፉን ነከረ፤ ሌሎቹም እየተገፋፉ መጡ። ውኃ በሌለበት ሳይሆን በአጠገባቸው እያለ ግማሽ ቀን ተጠምተው ነበር።

ጠጥተውና በልተው ያደሩትን ከብቶች በጠዋት አትረብሹ። ደረቅ ጭቃና እበት ካለባቸው በውኃና በብሩሽ አጽዷቸው። በመጠን፣ በዕድሜና በመልክ የሚመሳሰሉትን በአንድ ምድብ አድርጋችሁ አቅርቡ፤ ለማድለብ የሚገዛ ሰው አንድ ወጥ የሆነ ምድብ በአንድ ጊዜ መግዛት ይመርጣል፤ በመካከሉ ያለ አንድ ቀጭን ከብት የሌሎቹንም ዋጋ ወደ ራሱ ይጎትታል። የክትባት ማስረጃውና ጡት የጣሉበት ቀን ለአጫራቹ በጽሑፍ ይድረሰውና ከብቱ መድረክ ላይ ሳለ ጮክ ብሎ ይነበብ። በዝምታ የተቀመጠ ማስረጃ ዋጋ አያወጣም።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ከጨረታው በኋላ

የጨረታ ገበያ ከብዙ አቅጣጫ የመጡ እንስሳት የሚገናኙበት ስለሆነ በሽታም የሚሠራጭበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ የአፍና የእግር በሽታ ገና መከሠቱ ሳይታወቅ በሄክሳምና በሎንግታውን ገበያዎች ባለፉ በጎች አማካይነት በየአቅጣጫው ተበተነ፤ በሽታውን ለማቆምም ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ተገድለዋል። መኪናውም የዚህ መንገድ ተካፋይ ነው። ስለዚህ ወደ ቤት ከመመለሱ በፊት እበቱና ንጣፉ ይጠረግ፤ በውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያ በኋላ ተሐዋስያንን የሚገድል መድኃኒት ይረጭና ይድረቅ። ቅደም ተከተሉ አይለወጥ፤ በእበት ላይ የተረጨ መድኃኒት አይሠራም። ጎማውና የሾፌሩ ጫማም አይረሱ።

ሳይሸጥ የተመለሰ ወይም ከጨረታው የተገዛ ከብት ካለ፣ እንደ መጣ ከመንጋው ጋር አይቀላቀል። ቢያንስ ለ3 ሳምንት በተለየ በረት፣ በተለየ የውኃ ገንዳ ይቆይ፤ የሚያየው ሰው በመጀመሪያ ጤነኞቹን፣ በመጨረሻ እነዚህን ይንከባከብ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት በየጠዋቱ መብላታቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ አተነፋፈሳቸውንና አረማመዳቸውን ተመልከቱ። ከሌሎቹ ተነጥሎ ጆሮውን ጥሎ የቆመ ካለ እስከ ማታ አትጠብቁ፤ ሙቀቱን ለክታችሁ በዚያው ቀን ለሐኪም አሳውቁ።